የጉድጓድ ቆጮ፣ የመስቀል ክትፎ

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ጉራጌ ሁለት ቀልድ ይቀለዳል። አንደኛው ሳንቲም ቆጥሮ ስለሚያድር ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ክትፎ ነው። ሁለቱንም ቀልድ አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ምናልባትም ክትፎውን እየጎረሰ ሊያወራቸው ይችላል። እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ግን ልብ አይልም። ለመሆኑ ይህ ሕዝብ ቆጣቢ ከሆነ፣ ከአገሩ ምግብ ሁሉ ቅቤ የጠገበውን እንዴት አድርጎ ለከተማው አስተማረ? በልቶ አደር ከሆነስ የመርካቶን ሱቅ በምን ገንዘብ ገዛው?

እኛ ከወልቂጤና ከቡታጅራ፣ ከዙሪያቸውም ካሉት ቀበሌዎች የመጣን ተማሪዎች ይህን ስንሰማ ነው ያደግነው። አንዳንዴ ስቀናል፣ አንዳንዴም ተቀይመናል። ሁለቱ ከተሞቻችን የዘቢዳር ተራራ የሚለያቸው ናቸው፤ ወልቂጤ በምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ፣ ቡታጅራ በምሥራቅ ከተራራው ግርጌ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቡታጅራ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በቋንቋም በሃይማኖትም የተለያየን ነን። ስለ መብላትና ስለ አለመብላት ስንጨዋወት ግን አንድ ዓይነት እናት ያሳደገችን እንመስላለን። እንግዲህ ጨዋታውን ወደ ጽሑፍ እናምጣው ተባባልን።

ፈረንጆች ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ሚዛን ሠርተውለታል። ሆላንዳዊው ጌርት ሆፍስቴዴ የሕዝቦችን ባሕርይ በቁጥር ሲለካ የኖረ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከቡልጋሪያዊው ማይክል ሚንኮቭ ጋር ሆኖ በቀድሞዎቹ መለኪያዎች ላይ አንድ ጨመረ። በአንዱ ጫፍ ለፍላጎቱ ልጓም የማያጠብቅ፣ በመብላት በመዝናናት የማያፍር ኅብረተሰብ አለ፤ በሌላው ጫፍ ፍላጎቱን በደንብና በይሉኝታ የሚያስር አለ። መሠረቱ በዓለም አቀፍ መጠይቅ የተሰበሰቡ ሦስት መልሶች ናቸው፤ ይኸውም ደስተኛ ነህ ወይ? ኑሮህ በእጅህ ነው ወይ? የዕረፍት ጊዜ ምን ያህል ይጠቅምሃል? የሚሉት ናቸው። ሚዛኑ ለአገር አማካይ የተሠራ እንጂ ለአንድ ሰው እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም አንድ ነገር ከነከነን። መጠይቁ የአያቶቻችን ደጅ ቢደርስ፣ የሐምሌው መልስና የመስከረም አጋማሹ መልስ አንድ ይሆን ነበር? የእኛ አገር ሰው ቁጥብነቱም ሆነ ድግሱ በቀን መቁጠሪያ የተከፈለ ነው። ሐምሌ ላይ ብዙ የበላ ይታማል፤ በመስቀል ያልበላ ይታማል።

ነገሩን ከእንሰቱ እንጀምር። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ አገሩ ደጋነትና ወይናደግነት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። ዘንድሮ ልጅ የተወለደለት ሰው ዘንድሮ የተከለውን የሚበላው ልጁ ፊደል ሲቆጥር ነው። ወንዱ ይቆፍራል፣ ይተክላል፣ ችግኙን እያነሣ ያዛውራል፤ ሴቷ ትፍቃለች፣ ትጨምቃለች፣ በቅጠሉ ጠቅልላ ጉድጓድ ታወርዳለች። እዚያ እየቦካ ወራት፣ ሲያስፈልግም ዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1997 «ረሃብን የሚከላከል ዛፍ» በሚል ርእስ የወጣ አንድ ጥናት፣ በ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የቆመ ከ40 እስከ 60 እግር እንሰት አምስት ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤት ሊመግብ እንደሚችል አስልቶ ነበር። የኳስ ሜዳ ጥግ የምታህል መሬት ማለት ናት!

ይህ ተክል ሰውን አንድ ጠባይ ያስተምረዋል። ጤፍና ስንዴ የሚያመርት ገበሬ አዝመራ የሚለው ጊዜ አለው፤ ጎተራው ሲሞላ ልጁን ይድራል፣ ሲጎድል ሆዱን ይቋጥራል። እንሰት ያለው ሰው ግን ሁልጊዜ አለው፤ ስለዚህም ሁልጊዜ ይጠነቀቃል። ዛሬ ከጓሮው አንድ ቢነቅል የሚጎድለው ከመጪው ዓመት ምሳ ላይ ነው። እናቶቻችን «ይበቃል» የሚለውን ቃል ገና እኛ ሳንጠግብ የሚናገሩት ለዚህ ይመስለናል።

ይህን ጠባይ ከሁሉ ቀድሞ በጥናት የመረመረው ዊልያም ሻክ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቸሃ ውስጥ ተቀምጦ አጥንቶ በ1966 ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህል መጽሐፍ አወጣ። በ1971 ደግሞ «ረሃብ፣ ሥጋትና ሥርዓት» የሚል አጭር ጽሑፍ ጻፈ። ይህቺ ጽሑፍ በመካከላችን እየተዟዟረች ብዙ አጨቃጭቃናለች።

ሻክ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጉራጌ እንሰቱ እያለ፣ ጉድጓዱም ሞልቶ እያለ አሳንሶ ይበላል። በሰው ፊት ብዙ መጉረስ ነውር ነው። የተቀበረው ቆጮ መጠን የቤት ምሥጢር ነው። ይህ ሁሉ ቁጥብነት ግን በሆድ ውስጥ ሥጋት ያስቀምጣል፤ ሥጋቱም ከድሃ ወንዶች ላይ «አውሬ» በሚባል መንፈስ አምሳል ይወጣል። የተያዘው ሰው ምግብ ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ቤተ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል። በሽተኛው ራሱን በነጭ ልብስ ተሸፍኖ ጢስ በሞላው ቤት ይቀመጣል፤ በቅቤ የራሰ ልዩ ምግብ ይቀርብለታል። በሁለት እጁ እየዛቀ ይጎርሳል፤ ሰዉም እያዜመ ይጠብቀዋል። መንፈሱ በሰውየው አፍ «ጠገብኩ» ሲል ነገሩ ያበቃል።

ይህን ስናነብ መጀመሪያ ዝም አልን። ቀጥሎ አንዱ ጓደኛችን «ሰደበን እኮ!» አለ። ሌላዋ «የሰደበን አይመስለኝም፤ ያየውን ነው የጻፈው፤ ግን ማንን እንዳየ ልብ በሉ» አለች። ልክ ነበረች። ባለጠጋው በመንፈስ አይያዝም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አብሮ የሚበላበት ሰበብ አለው፤ የሸንጎ ሰው ከሆነም ከድግስ ድግስ ይጠራል። እንሰቱ ያነሰ፣ የሚጠራውም የሌለው ሰው ግን ደንቡን ሳይሰብር በልቶ የሚጠግብበት ቀን ከየት ያመጣል? እርሱ በሁለት እጁ ቢጎርስ ሆዳም ይባላል። መንፈስ ቢጎርስ ግን ማን ያማዋል? ጎረቤትም እየተሳቀቀ ሳይሆን እያዜመ ያበላዋል። እኛ እንደምናስበው ይህ ሥርዓት ቁጥብነት በእኩል እንዳልተከፈለ ኅብረተሰቡ ራሱ ሳይናገር ያመነበት ነው።

ከሻክ ጋር የማንስማማበት ነገርም አለ። ሥጋቱን አብዝቶ ከአስተዳደግና ከማዕድ ሥርዓት ጋር ያያይዘዋል። የጉድጓዱ ምሥጢር ግን ታሪክም አለው። የክስታኔ ጉራጌ ለምኒልክ በሰላም የገባው በ1868 ዓ.ም. ግድም ነው። ሰባት ቤቶችና ቀቤና ግን ከሐሰን እንጃሞ ጋር ሆነው እስከ 1881 ዓ.ም. ገደማ ተዋጉ፤ ኋላም በራስ ጎበና ጦር ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት ገባርና ነፍጠኛ የሚባለው ነው። ግብር ሰብሳቢ ጎተራ ያያል፣ በረት ይቆጥራል፤ በእንሰት ጥላ ሥር በቅጠል ተሸፍኖ የተቀበረን ቆጮ ግን እንዴት አድርጎ ይቆጥረዋል? ይህ የእኛ ግምት ነው። ዳሩ ግን ምግቡን የሚደብቅ ሰው ሁሉ ከጎረቤቱ ብቻ ይደብቃል ማለት አይቻልም።

ግብር በብር ሲጠየቅ ወንዱ ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ። ጉድጓድ ቆፈረ፣ ሸክም ተሸከመ፣ ጫማ ጠረገ። ጣልያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ወደ አሁኑ መርካቶ አዛወረ፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላም ጉራጌ ከሸክም ወደ ንግድ፣ ከመንገድ ዳር ወደ ሱቅ እየገባ መጣ። እዚህ ላይ እንሰት የለም፤ ጠባዩ ግን አብሮ ተሰዷል። ብዙ ሆኖ በአንድ ክፍል ማደር፣ በቀን አንዴ መብላት፣ የቀረውን ለእቁብ መጣል።

እቁብን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሆኖም አንድ ነገሩን እናንሣ። በእቁብ ወለድ የለም። መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ከወለድ ነፃ ብድር አገኘ፤ መጨረሻ የደረሰው ቆጥቦ አበደረ። ታዲያ የመጨረሻው ሰው ምን አተረፈ ቢባል፣ ገንዘቡን ከራሱ እጅ አስጥሏል። ብቻውን ቢሆን ይበላው ነበር። በእቁብ ዳኛውና በጓደኞቹ ፊት ግን ማፈሩ አለ። ቁጥብነት የአንድ ሰው ጠባይ ይመስላል እንጂ የሚጠብቁት ሌሎች ናቸው። ቆጮው በምሥጢር ተቀበረ፤ ብሩ ደግሞ በአደባባይ ተቀበረ ብንል ያስኬዳል።

ይህ ገንዘብ ከሱቅ አልፎ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ጉራጌዎች መዋጮ እያዋጡ መንገድ ማሠራት ጀመሩ፤ በሰባት ቤት በኩል የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት፣ በቡታጅራ በኩል ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ (ያን ጊዜ ወላሞ ሶዶ ይባል ነበር) የሚዘልቀውን መንገድ የያዘው ማኅበር ተቋቋሙ። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን የጻፈው በዚሁ በዓለም ገናው ማኅበር ላይ ነው። ሳይበሉ የሰበሰቡት ብር ድልድይ ሆነ። መንገዱ ሲያልቅ ግን በመስከረም ወር ምን ተጭኖበት እንደሄደ ማየት ነው!

መስከረም ሲጠባ መርካቶ ሱቅ በሱቅ ይዘጋል። አውቶቡስ ተራ ይጨናነቃል፤ ጨርቁ፣ ጨው ቡናው፣ ለእናት ነጠላው፣ ለአባት ጋቢው ይጫናል። አገር ቤት ያለችው እናት ግን ዝግጅቱን ከጀመረች ቆይታለች። ሴቶች የቅቤ እቁብ አላቸው፤ አንዷ ላም ብቻ ያላት ሴት ከራስዋ ላም የበዓል ቅቤ አይጠራቀምላትም፤ ስለዚህ በየተራ ለአንዷ እየሰጡ ተራዋን ትጠብቃለች። ወንዶቹም ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ያዋጣሉ፤ በቅርጫ ይከፋፈሉታል። በመስከረም 14 ምሽት፣ ዴንጌሳት በሚባለው፣ በሬው ገና ሳይታረድ የጎመን ክትፎ ይበላል። ሥጋ የለበትም፤ ቅቤው ግን ሞልቶ ነው። ይህ የሴቶችና የልጆች ምሽት ነው፤ የተጠራቀመው ቅቤ መጀመሪያ የሚታየውም እዚህ ነው። በማግሥቱ እርድ ይሆናል። ቀይ ሥጋ ይከተፋል፤ በኮሰረት የተነጠረ ቅቤና ሚጥሚጣ ይገባበታል፤ በጣባ ሆኖ፣ ከአይብና ከጎመን፣ ከስሱ ቆጮ ጋር በእንሰት ቅጠል ላይ ይቀርባል። በቀንድ ማንኪያ ይበላል። ሽማግሌ ይመርቃል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ የታጨች ትጠየቃለች።

የዚህን ጊዜ ደንቡ ይገለበጣል። ሐምሌ ላይ «ይበቃኛል» ያለ ልጅ ጨዋ ነበር፤ አሁን «ይበቃኛል» ያለ ሰው ባለቤቲቱን አስቀየመ። ከቤት ወደ ቤት ሲሄዱ በየቤቱ ይበላል፤ አልችልም አይባልም። እንግዲህ የአዲስ አበባው ቀልድ ሁለት ሰው አድርጎ ያያቸው አንድ ሰው ናቸው። ክትፎው የዓመቱ እቁብ የሚወጣበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ከሰሜኑ ደጋ ጋር ማወዳደር ይጠቅማል። በዚያ ቁጥብነት የሚታዘዘው በጾም ነው። ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ሁሉም ሲደመር ለምእመኑ 180 ገደማ፣ ለካህኑ 250 ገደማ ቀን ይሆናል። ድግሱም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነበር። በምኒልክ አዳራሽ ሺህ በሺህ ሆኖ፣ በማዕረግ ተራ እየገባ፣ ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል፣ ጠጅ ይጠጣል። የዚህ ድግስ ስሙ ማን ነበር? ግብር! ገበሬው የሚከፍለውም ግብር፣ ጌታው የሚያበላውም ግብር። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራቱ አያስገርምም፤ ከገባሩ አፍ የወጣው ነው ዞሮ አዳራሽ የሚገባው። በዚያ ሥርዓት የሚቆጥበውና የሚጠግበው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የ1966ቱ አብዮት ያንን አዳራሽ ዘጋው፤ ይሁን እንጂ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ እየተራቡ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ምን በመሰለ ድግስ እንደተከበረ የሚያስታውሱ አስተማሪዎች አሉን። ሌላው አገር ደግሞ በተቃራኒው ድግስን በሕግ የከለከለ መንግሥት አለ፤ ካናዳ የፓስፊክ ዳር ነባር ሕዝቦች ያላቸውን ሁሉ እያበሉና እያደሉ የሚያከብሩትን ፖትላች የሚባል በዓል ብክነት ነው ብላ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1951 አግዳ ነበር። ገዢ የሚፈራው የራሱን ግብር ሳይሆን የሌላውን ድግስ ነው ማለት ነው።

የጉራጌ መስቀል ከአዳራሹ ግብር የሚለየው በቅርጫው ነው። ማንም ለማንም ከላይ አያበላም፤ እኩዮች አዋጥተው፣ በዕጣ ደልድለው ይካፈላሉ። ቢያንስ ነገሩ እንዲያ ነው የታሰበው። የሰባት ቤት የጆካ ሸንጎም ሆነ የክስታኔው ጎርደና ሴራ የሠርግና የልቅሶ ወጪ ልክ እንዳያልፍ ሲመክሩ መኖራቸው፣ ባለጠጋው ድግሱን ወደ አዳራሽ እንዳይለውጠው የፈሩ ይመስላል።

በቡታጅራ በኩል ብዙው ሰው ሙስሊም ስለሆነ ይህ ሁሉ በአረፋ ላይ ይደገማል። ነጋዴው ከአዲስ አበባ ይወርዳል፤ ጎረቤቶቻችን ስልጤዎች አተካናቸውን፣ ማለትም ቡላ በቅቤና በአይብ፣ ያዘጋጃሉ። ቀኑ ተለወጠ እንጂ ቅቤው ያው ነው። በቡታጅራ ስለ ጫት የተደረገ ጥናትም ያስገረመን ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ነው፤ 10,468 አዋቂዎች ተጠይቀው እኩሌቶቹ በጊዜው ይቅሙ እንደነበር ተናገሩ፤ ከቃሚዎቹም 80 በመቶው የምንቅመው ለጸሎት ልብን ለመሰብሰብ ነው አሉ። ሚዛን ሠሪዎቹ ይህን በየትኛው ጫፍ ያስቀምጡት ይሆን? ራስን መልቀቅ ነው ወይስ ራስን መግዛት? የዛሬው የመርቃና ወጣት ለጸሎት ይቅማል አንልም፤ ግማሹ ሥራ አጥቶ ነው። በየሰፈራችንም እንሰት የነበረበት ጓሮ ጫትና ባሕር ዛፍ እየለበሰ መጥቷል። ጫት በየጊዜው ተቆርጦ በየጊዜው ብር ይሆናል፤ ሰባት ዓመት ጠብቅ አይልም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ቁጠባውና ድግሱ የአንድ ሰው ናቸው ብለን በኩራት ስንጽፍ፣ አንዲት እኅታችን ረቂቁን አንብባ «የማን?» አለችን። እናቷ ዓመቱን ሙሉ ወተት ከልጆቿ አፍ እየቀነሰች ትንጣለች። ዴንጌሳት ምሽት ቅቤውን ለሁሉም ታፈስሳለች። ሁሉም ሲጠግብ የጣባውን ጠርዝ በቆጮ ጠርጋ ትበላለች፤ «እኔማ ሲሸተኝ ጠገብኩ» ትላለች። በማግሥቱ ደግሞ ጥሩው ብልት ለወንዶቹ፣ ለእንግዳውና ለመራቂው ነው። የሻክ መንፈስ እንኳ በአብዛኛው ወንዱን ነበር የሚይዘው! ሴቲቱ በሁለት እጅ የምትጎርስበት መንፈስም አላገኘች። ይህን የሚመልስ ክርክር ከእኛ ከወንዶቹ ዘንድ አልተገኘም።

ሌላው ነገር የባዶ እጅ ነገር ነው። ለመስቀል ባዶ እጅ አይገባም። ቅቤውም፣ በሬውም፣ የመኪናው ታሪፍም በየዓመቱ ይጨምራል፤ እቁብ የሌለው ተማሪ ወይም የቀን ሠራተኛ ምን ይዞ ይገባል? በየከተማው በመስቀል ሰሞን «ሥራ በዝቶብኝ» እያለ የሚቀር ሰው አለ። ሥራ አልበዛበትም።

አምና አንድ የክፍላችን ልጅ እንዲሁ ቀረ። ፈተና አለብኝ አለ፤ የሁላችንም ፈተና አንድ እንደነበር ረስቶት ነው። ስንመለስ የእናቶቻችንን ስንቅ ይዘን መጣን፤ ቆጮ በቅጠል፣ ክትፎ በጣሳ፣ ቅቤው በመንገድ ላይ ረግቶ። ክፍሉ ውስጥ ምድጃ አይፈቀድም፤ ተደብቀን በቡና ማፍያዋ አሞቅነው። ሁለት ጊዜ ጎረሰና «ይበቃኛል» አለ። ከመካከላችን አንዱ ጣሳውን ወደ እርሱ ገፋ አድርጎ «እዚህ ሰው የለም፤ ብላ» አለው። እኛም ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዙረን ስለ ፈተናው ማውራት ጀመርን።